ዕቃ ሲጫንበት የማያብድ የፒየዞ ስቴጅ እንዴት ይሠራል?

የፒየዞ ስቴጅ ማለት ናሙናን በናኖሜትር (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ልክ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ መድረክ ነው፤ የእኔው ባዶውን ሳለ ምንም አልነበረበትም። ቮልቴጁን የሚያዘውን ኮንትሮለር ቁጭ ብዬ አስተካክዬ፣ በ5 ናኖሜትር እርከን ደረጃ እየወጣ እየወረደ ሲሄድ አይቼ፣ ደስ ብሎኝ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ የናሙና መያዣውን አሰርኩበትና ፊድባኩን (ሴንሰሩ የለካው ቦታ ወደ ኮንትሮለሩ ተመልሶ ስህተቱ የሚታረምበትን ዑደት) ከፈትኩ። ማታ ጆሮ ሥር እንደምትዞር የወባ ትንኝ ይጮኽ ጀመር።

ገመድ ቀየርኩ። ሴንሰሩን ጠረጠርኩ። አምፕሊፋየሩን ረገምኩት። ሁሉም ደህና ነበሩ። ጥፋቱ የኔው ነበር፦ ኮንትሮለሩን የሠራሁት ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ክብደት፣ ለአንድ የክፍል ሙቀት ነው።

ሮበስት ኮንትሮል፣ ማለትም ስቴጁ ቢቀያየርም የማይናወጥ ኮንትሮል፣ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ከባዱ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ አለ፣ እንመጣበታለን። መነሻው ግን ቀላል ነው። መጀመሪያ ስቴጃችሁ በምን ያህል እንደሚቀያየር ትለካላችሁ፤ ከዚያ ለአንድ ነጥብ ሳይሆን ለመላው ስፋት የሚሆን ኮንትሮለር ትሠራላችሁ። መለካቱን ዘልሎ ሒሳቡ ውስጥ የሚገባ ሰው ትንኟን መስማቱ አይቀርም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ስቴጃችን 100 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው) ይሄዳል፣ ለዚህም 100 ቮልት ይፈልጋል። የሚንቀሳቀሰው ክፍሉ 200 ግራም ነው። ባዶውን በ500 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 500 ጊዜ፣ ይርገበገባል። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ስሌት እንዲቀለን ነው፤ ገበያ ላይ ካሉት ስቴጆች ግን ብዙም አይርቁም።

1 ቮልት 1 ማይክሮን ከሆነ 1 ሚሊቮልት 1 ናኖሜትር ነው። አምፕሊፋየሩ የ1 ሚሊቮልት ጫጫታ ካለው ስቴጁም በ1 ናኖሜትር ይንቀጠቀጣል፣ በቃ። ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ሲግናል ባለ 16 ቢት ከሆነ ደግሞ 100 ማይክሮኑ 65,536 ቦታ ይከፈላል፤ አንዷ እርከን 1.5 ናኖሜትር ትሆናለች። ኮንትሮለሩ ምንም ቢራቀቅ በሁለት እርከን መሃል ሲዋልል ይኖራል። 20 ቢት ብታደርጉት እርከኗ ወደ 0.1 ናኖሜትር ትወርዳለች። ይህን ሳያዩ ስለ ኮንትሮለር ማውራት ጎማው ተንፍሶ ሞተር እንደማስጠገን ነው።

ስለ ፒየዞው ራሱ ትንሽ። ፒዬርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ የኤሌክትሪክ ቻርጅ እንደሚያወጡ አሳዩ። በዓመቱ ሊፕማን የተባለ ፊዚሲስት ግልባጩም መኖር እንዳለበት በሒሳብ ተናገረ፤ ወንድማማቾቹም ሞክረው አረጋገጡት። ቮልቴጅ ሲሰጠው ቅርፁ ይለወጣል ማለት ነው። ቢኒግና ሮረር በ1981 ዙሪክ አቅራቢያ ባለው የአይቢኤም ላቦራቶሪ አቶምን ማየት የቻለውን ማይክሮስኮፕ ሲሠሩ መርፌዋን ያንቀሳቅስ የነበረው ይኸው ፒየዞ ነው፤ በ1986 ኖቤል አስገኘላቸው።

ዛሬ ስቴጅ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ፒዜድቲ የሚባል እርሳስ፣ ዚርኮኒየምና ታይታኒየም ያለበት ሴራሚክ ነው። የሚለጠጠው ከርዝመቱ አንድ ሺኛ ገደማ ብቻ ነው፣ የ10 ሚሊሜትር ቁራጭ 10 ማይክሮን ይሄዳል። ስለዚህ 100 ማይክሮን የሚሄድ ስቴጅ ውስጥ እንቅስቃሴውን የሚያጎላ ማንሻ አለ። ኩሽኔታ የለውም፤ ብረቱ ራሱ አንድ ቦታ ላይ ቀጥኖ ተቀርጾ እንደ ማጠፊያ ይታጠፋል። ፍትጊያ ስለሌለው ደስ ይላል፣ ግን ፍትጊያ ስለሌለው ነው አንዴ ከተመታ ቶሎ የማይቆመውም። እንደ ክራር ክር ነው።

ጠባዩ እንዲህ ነው። ሲሄድ የሄደበትን መንገድ ሲመለስ አይደግመውም፤ ይህ ሂስተሪሲስ ነው። 50 ቮልት ላይ ከታች መጥታችሁ የቆማችሁበት ቦታና ከላይ ወርዳችሁ የቆማችሁበት ቦታ ይለያያሉ፣ ልዩነቱም በሙሉ ጉዞ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይደርሳል። በእኛ ስቴጅ ከ10 እስከ 15 ማይክሮን መሆኑ ነው፤ ናኖሜትር ለሚያወራ ሰው ሩቅ አገር ነው። ሁለተኛው ክሪፕ ነው፤ ቮልቴጁን ካቆማችሁት በኋላም ቀስ እያለ ይሳባል። ከ1 እስከ 10 ሰከንድ የተሳበውን ያህል ከ10 እስከ 100 ሰከንድ ባለው ጊዜም ይሳባል። ሦስተኛው ያ የክራር ክር ነው፣ ሬዞናንሱ፦ በራሱ ፍሪክዌንሲ፣ በእኛ ስቴጅ በ500 ኸርዝ፣ ሲነካ በብዙ እጥፍ የሚርገበገበው።

ሙቀትም አለ። ይህ የፒየዞው ጥፋት ባይሆንም እሱ ይሰደብበታል። 100 ሚሊሜትር አሉሚኒየም በ1 ዲግሪ 2.3 ማይክሮን ይለጠጣል። በዲግሪ አንድ መቶኛ 23 ናኖሜትር። በር ከፍቶ የገባ ሰው ይበቃል። ደግሞ ፊድባክ ይህን አያድነውም፤ ሴንሰሩ የሚያየው ስቴጁን ከመሠረቱ አንጻር ነው፣ ውጭ ያለው ማቀፊያ ብረት ሲለጠጥ አያውቅም። ስለዚህ ከመለካት በፊት መሣሪያውን አብሩና ለሁለት ለሦስት ሰዓት ተዉት፣ በአየር ማቀዝቀዣ ፊት አታስቀምጡት።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ፒየዞ ሲጫኑት ጠንካራ ነው፣ ሲስቡት ግን ይሰበራል። ስቴጁ ላይ ብሎን ስታጠብቁ ስቴጁን ራሱን አትጠምዝዙት። ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ከተፈቀደው በላይ አትስጡት፣ ፖላራይዜሽኑን (ፒየዞ የሚያደርገውን ውስጣዊ አሰላለፍ) ያጠፋል። ገመዱን ስትነቅሉት ቻርጅ ይዞ ስለሚቆይ በሬዚስተር አስለቅቁት። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ፒየዞም የክፍሉ ሙቀት ሲቀየር ራሱ ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ሁለቱን ጫፎች አገናኝታችሁ አስቀምጡት። መብራት ሄዶ የመጣ ቀን ደግሞ አምፕሊፋየሩ ሲነሳ ስቴጁ ሊዘል ይችላል፤ መርፌም ሌንስም ናሙናው ላይ ተጠግቶ ከሆነ ጉድ ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ። ከ1 ኸርዝ እስከ 2 ኪሎኸርዝ ሳይን ሞገድ እየሰጣችሁ ስቴጁ ምን ያህል እንደሚመልስና በምን ያህል እንደሚዘገይ መዝግቡ። ኮንትሮለሩ መጥፋቱን አረጋግጡ። ሲግናሉን ትንሽ አድርጉት፣ ምክንያቱም ዳምፒንጉ (እርግብግቢቱን የሚያበርደው ልክ) 0.01 የሆነ ስቴጅ ሬዞናንሱ ላይ 50 እጥፍ ያጎላል። 1 ቮልት ብትሰጡት 50 ማይክሮን ይወዛወዛል፣ ያኔ ሴራሚኩ ሊሳብ ይችላል። 50 ሚሊቮልት ይበቃል።

ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ለክቶ ይተወዋል። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ባዶውን ለኩ፣ በ100 ግራም ለኩ፣ በ200 ግራም ለኩ። ለእያንዳንዱ ክብደት ስቴጁን ታች፣ መሃልና ላይ አቁማችሁ ለኩ። ደግሞ እያንዳንዱን በትንሽም በትልቅ ሲግናልም፣ ትልቁን ግን ከሬዞናንሱ ርቃችሁ። 18 ኩርባ ይሆናል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግማሽ ቀን ይበላል። ግን ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ የሚቆመው በእነዚህ ላይ ነው።

ምን ታያላችሁ? አንደኛ፣ ክብደት ሲጨመር ሬዞናንሱ ይወርዳል። 500 የነበረው በ100 ግራም 408፣ በ200 ግራም 354 ኸርዝ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በትልቅ ሲግናል የተለካው ጌይን (በ1 ቮልት የሚሄደው ርቀት) በትንሽ ከተለካው ይበልጣል። ይህ ሂስተሪሲሱ ነው፣ በሌላ መልኩ መጥቶ። ለሂስተሪሲስ ግልባጭ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ ፕራይሳክ የሚባለው ሞዴል የታወቀ ነው፤ ለእኔ ግን ፊድባክ ካለ ሂስተሪሲሱን "ጌይኑ ከዚህ እስከዚህ ይለዋወጣል" ብሎ መያዝ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አሁን ቀላሉን ኮንትሮለር እንሞክር። ኢንቴግራል ብቻ። ስህተቱን እየደመረ ቮልቴጁን የሚያስተካክል። ክሪፕንም ሂስተሪሲስንም ይበላቸዋል፣ ቀርፋፋ ስለሆኑ። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። አንድ ሬዞናንስ ብቻ ላለው ስቴጅ ኢንቴግራሉ ሳይጮኽ የሚደርስበት የፍጥነት ጣሪያ የሬዞናንሱ ፍሪክዌንሲ በዳምፒንጉ፣ ያም በ2 ሲባዛ የሚገኘው ነው። 2 × 0.01 × 500፣ 10 ኸርዝ። 500 ኸርዝ የሚርገበገብ ስቴጅ ገዝታችሁ ከ10 ኸርዝ በታች ትሠራላችሁ!

ገና አላለቀም። 200 ግራም ስትጭኑበት ሬዞናንሱ ወደ 354 ይወርዳል፣ ዳምፒንጉም ወደ 0.007። ጣሪያው 5 ኸርዝ ሆነ። ባዶውን 6 ኸርዝ ላይ አስተካክሎ ቡና ሊጠጣ የሄደ ሰው ሲመለስ ምን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ። የትንኟ ድምፅም ያው ሦስት መቶ ምናምን ኸርዝ ነው። ለመተማመኛ ከጣሪያው ግማሽ ብትወስዱ 2.5 ኸርዝ ይቀራችኋል። አንድን ነገር አንድ ቦታ አቁሞ ለመያዝ ይሆናል፣ ስካን ለማድረግ ግን ያንቀላፋል።

ቀጥሎ ሁሉም ሰው የሚደርስበት ሐሳብ ኖች ፊልተር ነው፦ ሬዞናንሱ ያለበትን ፍሪክዌንሲ ከሲግናሉ ቆርጦ ማውጣት። በወረቀት ላይ ግሩም ነው። ስቴጁ ላይ ክብደት ሲቀየር ግን ጉድጓዱ አንድ ቦታ፣ ኮረብታው ሌላ ቦታ ይሆናሉ። ኖች መጠቀም ግድ ከሆነባችሁ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ኖቹን መሃል ላይ ሳይሆን ወደ ዝቅተኛው ሬዞናንስ፣ በእኛ ምሳሌ ወደ 354 ጠጋ አድርጉት፣ ሰፋም አድርጉት። ኖች ከመሃሉ በታች ፌዙን፣ ማለትም ሞገዱ የሚደርስበትን ጊዜ፣ ያዘገያል፣ ከመሃሉ በላይ ግን ያስቀድማል። ሬዞናንሱ ከኖቹ በላይ ከወደቀ ይቅር ይላችኋል፤ በታች ከወደቀ አይምራችሁም።

እኔ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው። ኮረብታውን ከመደበቅ ማፍረስ። ማለትም መጀመሪያ ዳምፒንግ የሚጨምር ውስጣዊ ፊድባክ፣ ከዚያ በላዩ ኢንቴግራል።

ከዳምፒንግ ዘዴዎቹ ቀላሉ ፖዚቲቭ ፖዚሽን ፊድባክ ይባላል። ከሴንሰሩ የመጣውን ቦታ በሁለተኛ ደረጃ ሎው ፓስ ፊልተር (ዝቅተኛ ፍሪክዌንሲን ብቻ በሚያሳልፍ) ታሳልፉና፣ እንደለመድነው ሳትቀንሱ ትደምሩታላችሁ። መደመር? አዎ፣ ለእኔም መጀመሪያ እብደት መስሎኝ ነበር። ፊልተሩ በራሱ ፍሪክዌንሲ ላይ ሲግናሉን በ90 ዲግሪ ያዘገየዋል። በ90 ዲግሪ የዘገየ ቦታ ደግሞ ከፍጥነት ጋር ተቃራኒ ነው። ፍጥነትን የሚቃወም ኃይል ማለት ዳምፒንግ ነው፣ ውኃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው። ፊልተሩን ሬዞናንሶቹ ካሉበት ስፋት መሃል አድርጉት፣ የራሱን ዳምፒንግ ከፍ አድርጉ፣ 0.4 ወይም 0.5 ጀምሩ፣ ከሌላ ክብደት ጋርም እንዲሠራ። ጌይኑን ከዜሮ እየጨመራችሁ እርግብግቢቱ ሲሞት እዩ። አንድ ሕግ አለው፦ በዜሮ ፍሪክዌንሲ የሉፑ (የፊድባኩ ዑደት) ጌይን 1 መድረስ የለበትም፣ ከደረሰ ስቴጁ ወደ አንዱ ጥግ ይሮጣል። ሂስተሪሲሱ ጌይኑን እንደሚያሳድገው አትርሱ፣ ስለዚህ ይህን ከ18ቱ ኩርባዎች ትልቁ ጌይን ባለው ላይ አስሉ።

ዳምፒንጉ ከ0.01 ወደ 0.2 ቢወጣ የኢንቴግራሉ ጣሪያ በግምት ከ10 ወደ 200 ኸርዝ ይዘላል። በክብደትም ቢቀንስ የሚቀንሰው ከትልቅ ነው። ያን ከባድ ሒሳብ፣ ኤች ኢንፊኒቲ የሚባለውን፣ ሳንጠራ እዚህ ደረስን፤ ለብዙ ሥራ እዚሁ መቆም ይቻላል።

መዘግየትን ግን ተጠንቀቁ። ከሴንሰር ተነስቶ በኮምፒውተሩ አልፎ አምፕሊፋየሩ ጋ እስኪደርስ 100 ማይክሮሰከንድ ከፈጀ፣ 500 ኸርዝ ላይ 18 ዲግሪ ፌዝ ሄደባችሁ። ዊንዶውስ ላይ በተራ ፕሮግራም ይህን ሉፕ ለመዝጋት የሚሞክሩ ሰዎች አይቻለሁ፣ እግዜር ይርዳቸው። ኤፍፒጂኤ (ለአንድ ሥራ የሚዋቀር ፈጣን ቺፕ) ወይም ሪል ታይም ቦርድ ተጠቀሙ፣ በሰከንድ 20,000 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ያንብብ።

ከዚህ በላይ የሚፈልግ፣ ኤች ኢንፊኒቲ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዳምፒንጉ በርቶ እያለ 18ቱን ኩርባ እንደገና ለኩ። ይህን ሰዎች ይዘሉታል። ዳምፒንግ በሌለው ስቴጅ ላይ ሬዞናንሱ ትንሽ ሲሸሽ በኩርባዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ኮረብታው አካባቢ በብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ሒሳቡም ፈርቶ እጅግ ቀርፋፋ ኮንትሮለር ይሰጣችኋል። ከዳምፒንግ በኋላ ልዩነቱ ልከኛ ይሆናል። ከዚያ አንዱን መሃለኛ ኩርባ ወኪል አድርጉ። ሌሎቹን በሙሉ ለእሱ አካፍሉ፣ 1 ቀንሱ፣ መጠኑን አንድ ላይ ሳሉት። ከሁሉም በላይ የሚያልፍ አንድ ለስላሳ መስመር አስምሩ። ይህ መስመር ስለ ስቴጁ ያላችሁ ጥርጣሬ ነው፣ በቁጥር የተጻፈ። መስመሩ ከ1 በላይ በሆነበት ፍሪክዌንሲ ሁሉ ኮንትሮለሩ እጁን መሰብሰብ አለበት።

ሁለተኛ መስመር የፍላጎታችሁ ነው፦ እስከ ስንት ኸርዝ፣ ስህተቱ በስንት እጥፍ ይቀነስ። ሁለቱን መስመሮች ማትላብ ለሚባለው ፕሮግራም ወይም ለፓይተን የኮንትሮል ላይብረሪ ስትሰጡት ኮንትሮለሩን ያወጣላችኋል። ፍላጎታችሁና ጥርጣሬያችሁ ካልተጣጣሙ አይቻልም ይላችኋል፤ ያኔ ፍላጎቱን ዝቅ አድርጉ እንጂ ጥርጣሬውን አታጭበርብሩ። የሚወጣው ኮንትሮለር ብዙ ጊዜ ረጅም ነው፣ አሥር ምናምን ደረጃ ሊኖረው ይችላል። አሳጥሩትና ከማሳጠራችሁ በኋላ ከ18ቱ ጋር አንድ በአንድ ፈትሹ።

ሲፈተሽ የማየው አንድ ቁጥር የሴንሲቲቪቲው ጫፍ ነው፦ ፊድባኩ ስህተትን ቢበዛ በስንት እጥፍ እንደሚያጎላ። ከ2 ካልበለጠ ጌይኑ በእጥፍ ቢያድግ፣ ፌዙም በ29 ዲግሪ ገደማ ቢጠፋ ትድናላችሁ። በነፃ የሚገኝ ነገር ግን የለም። ኮንትሮል ስልቻ ነው፤ ስህተቱን አንድ ፍሪክዌንሲ ላይ ተጭናችሁ ስታሳንሱት ሌላ ቦታ ላይ ያብጣል። ሥራችሁ እብጠቱን ማንም የማይጎዳበት ቦታ ላይ ማድረግ ነው። የሕንፃው ንዝረት ወይም የፋኑ ድምፅ ያለበት ፍሪክዌንሲ ላይ ካበጠ በገዛ እጃችሁ አጎላችሁት ማለት ነው።

ፍጥነትም ዋጋ አለው። ሴንሰሩ በአንድ ስኩዌር ሩት ኸርዝ 20 ፒኮሜትር (ፒኮሜትር የናኖሜትር ሺኛ ነው) ጫጫታ ቢኖረው፣ ሉፑ 100 ኸርዝ ሲሆን ወደ 0.25 ናኖሜትር፣ 1,000 ኸርዝ ሲሆን ወደ 0.8 ናኖሜትር ስቴጁ ላይ ይደርሳል። ኮንትሮለሩ የሴንሰሩን ጫጫታ እውነት ነው ብሎ ይከተለዋል። ቆሞ መለካት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ፈጣን ሉፕ ጉዳት ነው። እኔ ሁለት ቅንብር አስቀምጣለሁ፣ አንዱ ለመጓዝ፣ አንዱ ለመቆም።

አምፕሊፋየሩንም ጠይቁት። ፒየዞ ለእሱ ካፓሲተር ነው። 6 ማይክሮፋራድ የሆነን ፒየዞ በ100 ቮልት፣ በ100 ኸርዝ ሦስት ማዕዘን ሞገድ ለመንዳት 0.12 አምፔር ያስፈልጋል። አምፕሊፋየሩ 0.05 ብቻ ካለው ሞገዱ ይልፈሰፈሳል፣ ኢንቴግራሉም ያልተሳካለትን ስህተት እየደመረ ያብጣል፣ በኋላ ሲለቀው ይተኮሳል። ቮልቴጁ ገደቡ ላይ ሲደርስ መደመሩን የሚያቆም መስመር ኮዱ ውስጥ ጨምሩ። በእኔ ኮድ ውስጥ ይህ መስመር አልነበረም፣ በአንድ ሌንስ ነው የተማርኩት።

ስካን የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ የሦስት ማዕዘኑን ጫፍ አለስልሱት። ስለታማው ጫፍ የ3፣ የ5፣ የ7 እጥፍ ፍሪክዌንሲዎችን ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ሬዞናንሱን ካገኘው ይነካካዋል። ያው መስመር ሺህ ጊዜ የሚደገም ከሆነ ያለፈውን ዙር ስህተት ለሚቀጥለው ዙር የሚያስተካክል ሪፒቲቲቭ ኮንትሮል ከፊድባኩ ጎን ቢገባ ብዙ ያግዛል።

የመጨረሻው ፈተና ልኬቱ ውስጥ ባልነበረ ነገር ይሁን። 150 ግራም ጫኑ፣ ከመሃል ትንሽ ወጣ አድርጋችሁ። ፊድባኩን ክፈቱ። 10 ናኖሜትር እርከን ስጡት፣ ከዚያ 50 ማይክሮን። ጠረጴዛውን በጣታችሁ ቆረቆር አድርጉ። ማታ እንደበራ ትታችሁት ሂዱና የሴንሰሩን መዝገብ ጠዋት አንብቡ። ዝም ብሎ ካደረ የናሙና መያዣውን እሰሩበት።